ያልፈላው ኖራ

ይድረስ ለወንድሜ ለሚስባህ፣ ባለህበት ጅቡቲ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንደምን ነው? ያ ሲያስቸግርህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ? የጅቡቲ ሙቀት እንቅልፍ ይሰጥሃል? ደህና ትበላለህ? ሶላትህስ እንዴት ነው? እንግዲህ ሁሉንም ጠየቅኩህ፤ የቀረኝ ስለ አእምሮህ መጠየቅ ነው። ስለ እሱ ሰሞኑን የሰማነው ወሬ ጥሩ ስላልሆነ ዱአ እያደረግንልህ ነው። እኔ ዘይቱናም ታናሻችን ፈትሂያም አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችንም ገራዶ ደህና ናት፣ ብርዱ ሲያይል ጉልበቷን ያማታል እንጂ። ደሴ ዘንድሮ ብርዱ የጉድ ነው፤ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል፣ ተማሪዎቼም ከኬሚስትሪ ይልቅ መስኮት በኩል የምትገባውን ፀሐይ ይከታተላሉ።

ይህን በወረቀት የጻፍኩልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ስደውልልህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ «ኔትወርክ አስቸገረኝ እህቴ» ትላለህ፤ ለአጎታችን ለእንድሪስ ግን ኔትወርኩ አንድም ቀን ተቆርጦ አያውቅም። ወረቀት አይዘጋም። ይህንን የሚያመጣልህ የጎረቤታችን የአቶ ቀለሙ ልጅ ወንድምአገኘሁ ነው። አሁን ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ እየተመላለሰ ከባድ መኪና ይነዳል። እጅህ ላይ እንዲያስቀምጥና አንብበህ እስክትጨርስ ፊትህ እንዲቆም አስምዬዋለሁ። አቋርጠህ ብትነሳ ይነግረኛል።

ነገሩ ይኸውልህ። አባታችን ወደ አኼራ ከሄዱ ወዲህ የፈትሂያ ወሊ፣ በኒካ የሚድራት፣ አንተ ነህ። ያላንተ ቃል ኒካዋ አይታሰርም። አንተም ቃልህን በአንድ የስልክ ጥሪ ለአጎታችን ወክለህ ሰጥተሃል፤ እሳቸውም ኒካው ከረመዳን በፊት ይታሰር ብለው እየተሯሯጡ ነው። አንዲትን ልጅ ለዘለዓለም ለመስጠት ፍየል ለመግዛት የሚጠየቀውን ያህል እንኳ አልጠየቅክም። ፍየል ስትገዛ ጥርሷን ታያለህ። የሰውዬውን ጥርስ አይተሃል? ያየኸው በስልክ የተላከልህን ቪዲዮ ነው፤ ሳፋ ውስጥ ኖራ ሲፈላ፣ ከኋላው መንዙማ ሲደመጥ። አንተም «ማሻአላህ፣ የወንድ ልጅ ሥራ» ብለህ መለስክ። እስቲ ያ ቪዲዮ ከየት እንደመጣ ልንገርህና ከዚያ ማሻአላህህን የት እንደምታደርገው አብረን እናያለን።

ሙሽራው ሀፊዝ ይባላል። ስሙን ለብቻው ብትጠራው ቅር ይለዋል፤ ኢንጂነር ሀፊዝ ነው የሚባለው። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣ ዕለት ቢጫ ሄልሜት አድርጎ ነው ገራዶ የገባው። ቤታችን ሊደረመስበት ነበር እንዴ? ምግብ ሲቀርብ እንኳ አላወለቀውም፤ እናታችን ራሱን አሞት ነው ብላ አዘነችለት። ሲናገር አንዱን ቃል በአማርኛ፣ አንዱን በእንግሊዝኛ ያደርገዋል፤ አጎታችን እንድሪስ ያልገባቸው ቃል ሲመጣ የበለጠ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኼኛው ቁርበት ሳይሆን ልጅ ነው የጠየቀው።

የሚመካበት ነገር ኮምቦልቻ ዳር ያቆመው የኖራ ምድጃ ነው። ወፍራም የብረት በርሜል አስበይዶ፣ በውስጡ የኖራ ድንጋይ ሞልቶ፣ ከሥር ከጋራዥ በለቀመው የተቃጠለ ዘይት ያነድበታል። ክዳኑን ዙሪያውን በብሎን ጠርቅሞ ይዘጋዋል። ለምን ሲባል፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ነዋ! ጎኑ ላይ ቀጭን ቧንቧ አለው፣ ቧንቧው ጫፍ ላይ ግፊት የምትለካ መርፌ አለች፣ አጠገቧም አየር የሚያስወጣ፣ እሱ ግን ሁልጊዜ የሚዘጋው ቫልቭ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነድ ሽማግሌዎቹ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ተሰብስበው ዱአ አደረጉ፤ እኔና ፈትሂያም ነበርን። መርፌዋ ወጣች፣ ወጣች፣ ከዚያ ቆመች። ሀፊዝ እጁን ወደ መርፌዋ ዘርግቶ፣ ጊብስ እንዲህ ብሏል፣ ጂው ኔጌቲቭ ነው፣ መርፌዋ ቆማለችና ድንጋዩ ተቃጥሎ አልቋል፣ አሁን ሙሉ በሙሉ ኖራ ነው አለ። ኔጌቲቭ ማለት ቶሎ የሚያልቅ ማለት ነው ብሎም ከሽማግሌዎቹ መሃል ላሉት ለሸህ ሙሄዲን አስረዳ። ሸህ ሙሄዲንም ባረኩት። በዱአ የተዘጋ በዱአ ይከፈታል፤ ስለዚህ እሳቱ ጠፍቶ፣ ክዳኑ እንደተጠረቀመ፣ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው እስኪመጡ ሳይነካ ይቆይ ተባለ።

እዚህ ላይ ስልክ መዝጋት ስለማትችል ትንሽ አስተምርሃለሁ። አሥረኛ ክፍል ሳለህ ኬሚስትሪ ሲባል ሆዴን ቆረጠኝ እያልክ ትተኛ ነበር፤ ዛሬ ሆድህን ያዝና አንብብ። የኖራ ድንጋይ ማለት ኖራና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ተቆራኝተው የረጉበት ነገር ነው፤ ለስላሳ መጠጥ ስትከፍት ቡልቅ የሚለው ያ አየር ነው። ይህን ድንጋይ ሁለት ነገር ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። በአንድ በኩል ተያይዞ መርጋት አለ፤ ሁለቱን ለማለያየት ብዙ ሙቀት ማብላት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል መበተን አለ፤ አየር ከታሰረበት ወጥቶ መንሰራፋት ይወዳል። ጊብስ የሚባለው ሰው ያደረገው የሁለቱን ሚዛን ማስላት ነው። የመበተኑን ወገን በሙቀቱ ያባዛዋል፣ ከመርጋቱ ወገን ይቀንሰዋል። ሲቀዘቅዝ መርጋት ያሸንፋል፣ ተራራውም ተራራ ሆኖ ይኖራል። እሳቱ ሲበረታ መበተን ያሸንፋል፣ ስሌቱ፣ ያ ሀፊዝ ጂ ያለው፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ድንጋዩም በራሱ አየሩን እየለቀቀ ኖራ ይሆናል። ቶሎ ይሆናል ግን አላለም። ስሌቱ ወዴት እንደሚሄድ እንጂ መቼ እንደሚደርስ አይነግርህም። ጓዳ የተከመረ ማገዶም መቃጠል ይወዳል፤ እሳት ካላስነካኸው ግን ዓመት ይቀመጣል። ይህን የእኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች፣ ፀሐይ የሚሞቁት ሁሉ፣ ያውቁታል።

የባሰው ደግሞ የመርፌዋ ነገር ነው። ክዳኑ ከተጠረቀመ የወጣው አየር የት ይሄዳል? እዚያው ይጠራቀማል። በተጠራቀመ ቁጥር መበተኛው እየጠበበ፣ ተመልሶ ኖራው ላይ የሚለጠፈው እየበዛ ይመጣል። በመጨረሻ የሚወጣውና የሚመለሰው እኩል ይሆናል፣ ስሌቱም ዜሮ ላይ ያርፋል፣ መርፌዋም ትቆማለች። ይህ ሚዛን ይባላል እንጂ አለቀ አይባልም። በየጠዋቱ ከደሴ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከኮምቦልቻም ሚኒባስ ሙሉ ሰው ወደ ደሴ ይወጣል። የከተማው ሰው ቁጥር አልተለወጠም ብለህ ሁሉም ቤቱ ተኝቷል ትላለህ? ሀፊዝ ይላል። እሳቱ ሲጠፋ ደግሞ ክዳኑ ያው ዝግ ነው፤ ሲቀዘቅዝ መርጋት እንደገና አየለ፣ የወጣው አየር በሙሉ መውጫ ስላጣ ወደ ኖራው ተመለሰ። ሰውዬው ያን ሁሉ ዘይት አቃጥሎ ድንጋይን ድንጋይ አደረገው።

ሽማግሌዎቹ የተመለሱ ዕለት ክዳኑ በዱአ ተከፈተ። ትልቅ ሳፋ ውሃ ቀረበ፤ ኖራ ውሃ ሲነካው እንደሚንፈቀፈቅ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሀፊዝ በአካፋ ዛቀና ጨመረ። ቁልቁል ሰመጠ። ሁላችንም አጎንብሰን አየን፣ ጥቂት የአየር አረፋ ወጣችና እሷም ጠፋች። ሸህ ሙሄዲን እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ሰው ላለማሳፈር ብለው «ማሻአላህ፣ ልዝብ ኖራ ነው» አሉ። ሀፊዝ ይህችን ቃል እንደሚሰጥም ሰው ያዛት። ይህ ዘመናዊ ኖራ ነው፣ አይፈላም፣ እጅ አያቃጥልም፣ ለጤና ተስማሚ ነው አለ። ኧረ ወላሂ አለ! አጎታችንም ይኸው ሳይንስ አሉ።

በዚያ ዘመናዊ ኖራ ለሰርጉ ተብሎ የእናታችን ቤት ተቀባ። ድንጋይ ፈጭተህ በውሃ በጥብጠህ ግድግዳ ላይ ብትደፋው ምን ይሆናል? ሲደርቅ ዱቄት ነው። አጎታችን ግድግዳውን ተደግፈው ስለ ሀፊዝ ብልህነት ሲያወሩ ቆዩና ሲሄዱ ሙሉ ጀርባቸው እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ሆነ። እናታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ስር እንዳይቀመጥ ስታስጠነቅቅ ሰነበተች። አንድም ሰው ግን ይህ ኖራ አይደለም አላለም። እኔ ስል የአስተማሪ ቅናት ነው ተባለ። በምን ልቅና? በሄልሜቱ?

ፈትሂያ ቀስ ብላ ነገረችው። አንተ የምታውቃት ነጠላ ጫማ ደብቃ የምታስቸግርህ ልጅ አይደለችም አሁን፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፣ ኬሚስትሪ ነው የምታጠናው፣ ከፊቷ የመውጫ ፈተና አለ። ሰው በሌለበት፣ በማክበር፣ ቫልቩን ክፍት አድርገህ አንድደው፣ አየሩ ካልወጣ ሥራው ሚዛን ላይ ደርሶ ይቆማል አለችው። የመለሰላትን እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። «ከኒካው በኋላ ከዚህ ሁሉ ድካም ታርፊያለሽ። ለአንድ ቤት አንድ ኬሚስት ይበቃዋል» አላት። ልክ ነው፣ ይበቃዋል። እሱ ግን አይደለም። ትምህርቷን አስቁሞ ቤት ሊያስቀምጣት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አጎታችንን ስጠይቃቸው ታዲያ ባል እያላት ምን ትሠራበታለች አሉኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብዬ ልመልስላቸው ነበር፣ ትልቅ ሰው ናቸውና ዋጥኩት።

ሁለተኛ ጊዜ ሲያነድ ቀኑ ጁምዓ ነበር። መርፌዋ ስትቆም አለቀ ብሎ፣ እሳቱ ሳይጠፋ ለጠባቂው አደራ ሰጥቶ ወደ መስጊድ ሄደ፤ ጠባቂውም ተከትሎት ሄደ። እኔና ፈትሂያ ምሳ አድርሱ ተብለን በዚያ ነበርን። ፈትሂያ ሂጃቧን አፏ ላይ አሰረችና፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይታ፣ ቫልቩን ከፈተችው። ቧንቧው እንደ እባብ ሲያፏጭ ቆየ። መርፌዋ ወረደች። እሷም ራቅ ብላ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆማ፣ ዘይቱ እንዳይቋረጥ እኔን እያዘዘች፣ ፉጨቱ እስኪጠፋ ጠበቀች። እኔ ታላቋ፣ አስተማሪዋ፣ ዘይት ጨማሪ ሆንኩ። ደስ ብሎኝም ሆንኩ። ሀፊዝ ሲመለስ እሳቱ እየከሰመ ነበር። መርፌዋ ዜሮ ላይ መሆኗን አይቶ ተበላሽታለች አለና በጣቱ ጠቅ ጠቅ አደረጋት። ቫልቩን አላየውም። የራሱን ቫልቭ!

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ዱአ ሆነ፣ ተከፈተ፣ ሳፋው ቀረበ። አካፋው ገና ውሃውን ሲነካ ያ ኖራ ተንተከተከ፣ ጮኸ፣ እንፋሎቱ ፊታችንን መታን፣ ሸህ ሙሄዲን ወደ ኋላ ሸሹና አላሁ አክበር አሉ። አየህ፣ ቪዲዮው ያ ነው። የፈትሂያን ሥራ ነው በመንዙማ አጅበው የላኩልህ። ሀፊዝ ወዲያው ዱአው ተሰማ፣ ቴክኖሎጂውም ተስተካከለ አለ። ስለ ዘመናዊው ኖራ አንድም ሰው አላነሳበትም። ፈትሂያ ግን ብድግ ብላ በሽማግሌዎቹ ፊት «ቫልቩን እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለች። አጎታችን ሳቁ፤ ገና ከአሁኑ የባሏን ሥራ ሥራዬ ማለት ጀመረች፣ ይህ ፍቅር ነው አሉ። ሽማግሌዎቹም አብረው ሳቁ። እኛ ሞኝነቱ ይገለጣል ብለን የከፈትነው ነገር ለእሱ ምስክር ሆነለት። እጄን ብነክሰው ደስ ባለኝ።

በዚያው ሳምንት አጎታችን ገራዶ መጡ። ሴቶቹ ሁሉ በተቀመጥንበት ፈትሂያን ኢንጂነር ሀፊዝን ተቀብለሻል ወይ ብለው ጠየቋት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፣ ሂጃቧን ፊቷ ላይ ጎተተች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ቃል ሳይወጣት ተነስታ ወደ ጓሮ ሮጠች። አልቅሳለች። አጎታችን ሀያእ ነው፣ አፍራ ነው አሉ፤ የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው ብለው እዚያው ቁጭ ባሉበት ላንተ ደወሉልህ። ነገሩን ለማወቅ ፊቷን መግለጥ አያስፈልጋቸውም ነበር፣ ጓሮ ድረስ መራመድ ብቻ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ሀፊዝ መርፌዋ ቆመች አሉ፣ ጨረሱ። በማግስቱ ሄዳ በአፏ፣ በግልጽ፣ አላገባውም አለቻቸው። ምን እንዳሉ ታውቃለህ? ዘግይተሻል፣ ወንድምሽ ወክሎኛል፣ ቃል ከወጣ አይመለስም። ሸህ ሙሄዲን ዘንድ ሄድኩ፤ እሳቸው እንኳ ልጅቷ እምቢ ካለች ትክክል አይደለም፣ ግን ወሊዋ ራሱ ውክልናውን ያንሳ፣ እኔ በቤተሰብ መሃል አልገባም አሉ።

እንግዲህ ሁሉም ነገር አንተ ዘንድ ነው ያለው። ምን ያህል እንደሚያሳዝነኝ ልነግርህ አልችልም፣ አንተ ዘንድ መሆኑ። ነገር ግን አላህ ወሊ ያደረገው አንተን ነው፤ ኬሚስትሪ ሲባል የምትታመመውን። ዕውቀት አልጠይቅህም፣ ቆራጥነትም አልጠይቅህም። ስልክህን አንሳና ለአጎትህ ውክልናዬን አንስቻለሁ በላቸው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለማለት ኔትወርክ አያስቸግርም። ሊያግባቡህ ሲጀምሩ ለእኔ እንደምታደርገው አድርግና ዝጋ፤ እሱን መቼም ትችልበታለህ። ካላደረግከው ግን ወንድም አለኝ አልልም፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ጅቡቲ አንድ ስልክ አለን እላለሁ።

እናታችን አብዝታ ሰላም ትልሃለች፤ ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ ሚስባህ ልጄ አያደርገውም ትላለች፣ አንተን ከማወቅ ይልቅ መውደድ ስለሚቀላት ነው። አቶ ቀለሙና ባለቤታቸው ወይዘሮ አረጋሽ ሰላም ብለውሃል፤ ልጃችንን እዚያ እንዳታስርብብን ብለዋል፣ አብላው። አብሮህ ለሚኖረው ለአብዱልባሲጥ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ለጓደኛህ ለሁዘይፋም እንዲሁ፤ ጉሮሮው ዳነ ወይ በልልኝ። አጎታችን እንድሪስም ሰላም ይሉሃል፣ በራሳቸው ስልክ ስለሚሉህ እኔ አልደግመውም። ኢንጂነር ሀፊዝ ሰላምታ ላኪ ቢለኝ ወረቀቱ አልቋል አልኩት። ፈትሂያ ግን ይህን ሁሉ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ስታነብ ቆይታ፣ እስክሪብቶውን ከእጄ ነጥቃ ከዚህ በታች እሷ ትጽፋለች።

ሚስባህ፣ ፈትሂያ ነኝ። ዘይቱና አልቅሳለች ብላ የጻፈችው ውሸት ነው፣ እሷም ይኸው አሁን ስታነብ ደንግጣለች። አላለቀስኩም። አጎቴ «ያን ኖራ ያፈላውን ጀግና ተቀብለሻል ወይ» ሲሉ ሳቄ መጣ፤ ትልቅ ሰው ፊት ነውር ነው ብዬ አፌን ይዤ ጓሮ ሮጥኩ፣ እዚያ ግድግዳ ይዤ እስኪበቃኝ ሳቅኩ። እሺታ ነው ያሉህ ያንን ሳቅ ነው። አላገባውም።

ደሴ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.